ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በትንሽ የእንጨት ጀልባ መረብ መጣል፦ ከጀልባ ድፈና እስከ ጠዋት ማንሳት

በአሞራ ገደልም ሆነ በሌላው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ በጀልባ ማስገር የጀመረ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በሦስት ነገር ነው። ትናንት የደፈነው ጀልባ ዛሬ እንደገና ውኃ ያስገባል። መረቡ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ባዶውን ይወጣል። ወይም ጠዋት ሲሄድ መረቡ ከነበረበት ቦታ የለም። ሦስቱም ውኃ ላይ የደረሱ ጉዳቶች ይመስላሉ፤ መነሻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳር ላይ፣ ከመቅዘፋችን በፊት የተዘለለ ሥራ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ የሚያልፈው ገና ጀልባው ውኃ ሳይነካ ነው። እባካችሁ እሱን ክፍል አትዝለሉት።

መመሪያው ከ4 እስከ 5 ሜትር ርዝመት ላለው፣ ከጣውላ ለተሠራና በመቅዘፊያ ለሚሄድ ጀልባ ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን እየቀዘፈ መረብ መጣል የለበትም።

ለገበያ የምታሰግሩ ከሆነ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመረብ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ጨርሱ።

ደረጃ 1፦ ጀልባውን ገልብጦ መመርመር

ጀልባውን አውጥታችሁ ጥላ ሥር፣ በሁለት ግንድ ላይ ገልብጡት። ሆዱን በብሩሽና በውኃ እጠቡ። ጭቃና አረንጓዴ ልጣጭ ስንጥቅን ይሸፍናል፤ ሳይታጠብ የተመረመረ ጀልባ እንዳልተመረመረ ቁጠሩት።

ከዚያ ቢላዋና ጠመኔ ይዛችሁ ከአፍንጫው ወደ ኋላ፣ ጣውላ በጣውላ ሂዱ።

1. የቢላዋውን ጫፍ ጣውላው ላይ በየአንድ ስንዝሩ ተጫኑ። ጤነኛ እንጨት ይመልሳችኋል። ቢላዋው ያለ ትግል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከገባ ያ ቦታ በስብሷል። የበሰበሰ ጣውላ ይቀየራል እንጂ አይደፈንም።
2. የሚስማር ራሶችን እዩ። ዙሪያው በዝገት ቀይ ሆኖ የወረደ መስመር ካለ ሚስማሩ ውስጥ ውስጡን አልቋል። በጠመኔ ክበቡት።
3. የጣውላዎቹን መጋጠሚያ በጣት ዳብሱ። አሮጌው ድፍን የተነሣበት፣ የተሰነጠቀበት ወይም ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ በመስመር ምልክት አድርጉ።

ያለቀውን ሚስማር ስትነቅሉ አዲሱን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ አትምቱ፤ አይዝም። አሮጌውን ቀዳዳ ሬንጅ በተነከረ የእንጨት ችንካር ዝጉና አዲሱን፣ ዝገት የማይዘውን ሚስማር ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ምቱ። ቦታው ወደ ጣውላው ጫፍ ከቀረበ መጀመሪያ ከሚስማሩ በቀጠነ መሰርሰሪያ ብሱት፤ አለበለዚያ ጣውላው ይሰነጠቃል።

ደረጃ 2፦ ውኃ የሚያስገባውን ቦታ ማግኘት

ዓይን የማያየውን ውኃ ያሳያል። ጀልባውን ወደ ላይ መልሱና ከሆዱ ሥር በአራት ቦታ ደግፉት። ድጋፎቹ የጀልባው ጎድኖች (ጣውላዎቹ የተመቱባቸው የውስጥ እንጨቶች) ካሉበት ትይዩ ይሁኑ፤ በሁለት ጎድን መካከል ባዶ ጣውላ ላይ አይረፉ። የውጪውን ሆድና ጎንና ጎኑን በጨርቅ አድርቃችሁ በደረቅ አመድ እሹት።

አሁን ውስጡ ውኃ ጨምሩ፤ ግን ከ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አትለፉ። አምስት ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል። አራት ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ወለል ላይ ግን ይህ 200 ሊትር፣ አንድ ሙሉ በርሜል ነው፤ 200 ኪሎ ይመዝናል። ጀልባው ሐይቅ ላይ ሲሆን ውጪ ያለው ውኃ ይደግፈዋል፤ መሬት ላይ ግን የሚደግፈው የለም። እስከ ግማሹ ሞልተው ደህና የነበረውን መጋጠሚያ ጭምር የከፈቱ ብዙዎች ናቸው።

ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። አመዱ በጠቆረበት በኩል ጠብታ ታያላችሁ። ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ቀዳዳው ያለበት ቦታ አይደለም። ውኃ ከመጋጠሚያው ወጥቶ የጣውላውን ጠርዝ ተከትሎ አንዳንዴ አንድ ክንድ ተጉዞ ነው የሚንጠባጠበው። የጠቆረውን አመድ በጣታችሁ ወደ ላይ ተከተሉት፤ እርጥበቱ የሚጀምርበት ከፍተኛ ጫፍ ነው ምልክት የሚደረግበት። ምልክት ካደረጋችሁ በኋላ ውኃውን ቅዱና አውጡ።

ደረጃ 3፦ መድፈን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ጀልባው ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ቆይቷል?

ሳምንታት ፀሐይ ላይ የቆየ ጀልባ ጣውላው ይጠባል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ያን ክፍተት እንዳለ በጥጥ ጠቅጥቆ የሞላ ሰው ሥራውን አጥብቆ የሠራ ይመስለዋል። ጀልባው ውኃ ሲገባ ግን ጣውላው ያብጣል፤ መሄጃ ሲያጣ ጥጡን ወደ ውጪ ይገፋል፣ ካልወጣለት ደግሞ ራሱን ከሚስማሩ ይነቅላል። «በደንብ ደፍኜው ባሰበት» የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ በጣም ለደረቀ ጀልባ መጀመሪያ እርጥብ ጆንያ ውስጡና ውጪው ላይ አልብሱ፤ ጆንያውን ጠዋትና ማታ እያራሳችሁ ሁለት ቀን አቆዩት። ከዚያ ጆንያውን አንሥታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ጣውላው እንዳበጠ ይቆያል፣ የመጋጠሚያው ገጽ ግን ይደርቃል። የሚደፈነው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። ከሐይቅ የወጣ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ቀን ጥላ ይበቃዋል።

የሚያስፈልገው

ለ5 ሜትር ጀልባ ያልተፈተለ ጥጥ ወይም በደንብ የተበጠረ ቃጫ ግማሽ ኪሎ፣ ሬንጅ 2 ኪሎ፣ አፉ የደነዘ ስካርፔሎ (መሮ)፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽና የሬንጅ መቀቢያ። ስካርፔሎው የግድ ደነዝ ይሁን፤ የሰላ ስካርፔሎ ጥጡን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ጥጥም አይያያዝም።

አሠራሩ

1. አሮጌውን ድፍን ሙሉ በሙሉ ቆፍራችሁ አውጡ። በአሮጌ ሬንጅ ላይ አዲስ ሬንጅ መቀባት የአንድ ሳምንት ዕድሜ ነው ያለው። መጋጠሚያውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ አቧራውን እፍ በሉት።
2. ጥጡን በእጃችሁ አሽከርክራችሁ ከክፍተቱ ትንሽ የወፈረ ፈትል አድርጉት።
3. ከውጪ በኩል አስገቡ። ከውስጥ የተደፈነን ውኃ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ከውጪ የተደፈነን ግን ራሱ ውኃው ይበልጥ ያጠብቀዋል።
4. ፈትሉን በየሦስት ጣቱ ትንሽ ትንሽ ዘለላ እያደረጋችሁ ሰክታችሁ ካለፋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ በስካርፔሎና በመዶሻ ምቱት። ቀላል ምት ይበቃል። መዶሻው ጠንከር ያለ ድምፅ ሲመልስላችሁ አቁሙ።
5. ጥጡ ከጣውላው ገጽ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይቅር። ያ ባዶ ቦታ የሬንጁ ነው።
6. ሬንጁን አፍስሱና በመቀቢያ አስተካክሉ። ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ሁለት ጣት ይሸፍን።

ክፍተቱ ከትንሽ ጣት ጥፍር ከሰፋ ጥጥ ብቻውን አይዘውም። በክፍተቱ ልክ ቀጭን እንጨት ጠርባችሁ፣ በሬንጅ ነክራችሁ ከአንዱ ጣውላ ጋር ብቻ አጣብቁት፤ የቀረውን ጥቂት ክፍተት በጥጥ ድፈኑ።

ሬንጅ ስታቀልጡ

በከሰል እሳት፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከግማሽ ባልሞላ ጣሳ ይቅለጥ። ጣሳው ደረቅ መሆኑን እዩ፤ ጥቂት የውኃ ጠብታ የጋለ ሬንጅን አስፈንድታ ፊት ላይ ትረጨዋለች። ቤንዚንም ነጭ ጋዝም አትጨምሩ፤ እሳት ይነሣል። ቢጫ ጭስ ማውጣት ከጀመረ እየተቃጠለ ነው፤ ከእሳቱ አውርዱት። ለመፈተን ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጣሉ፦ አውጥታችሁ ስታጥፉት ከታጠፈ ጥሩ ነው፤ እንደ መስተዋት ከተሰበረ ከልክ በላይ ጋሏል፤ ጀልባው ላይም እንደዚያው ይሰነጠቃል። አዲስ አቅልጡ።

እጅ ላይ ከፈሰሰ አትንቀሉት። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበትና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሬንጁን በጉልበት መላጥ ቆዳውን ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ማስነከር

ሬንጁ ከደረቀ በማግስቱ ጀልባውን ጉልበት የሚደርስ ውኃ ላይ አስገቡና በሁለት በኩል እሠሩት። አንድ ሌሊት ይደር። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ውኃ መግባቱ አያስደንግጣችሁ፤ እንጨቱ እየጠጣ ነው። ጠዋት የሚቀዳው ውኃ አንድ ባልዲ አካባቢ ከሆነ ጀልባው ዝግጁ ነው። አምስት ባልዲ ከሆነ መጋጠሚያ ዘላችኋል፤ አውጡትና ከአመዱ እንደገና ጀምሩ። «ስንሄድ እየቀዳን እንሄዳለን» ብላችሁ አትውጡ፤ መረብ የሚያወጣ እጅ ውኃ አይቀዳም።

ደረጃ 5፦ መረቡን ማዘጋጀት

ስለ መረቡ ዓይን ስፋት። መረቡን በቁመት ወጥራችሁ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ተቃራኒው ቋጠሮ ለኩ። ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ መረብ ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ አትግዙ። ጠባብ ዓይን ገና ያልወለደውን ያወጣል፤ ዘንድሮ ትንንሽ ዓሣ ሸጣችሁ ለከርሞ ባዶ መረብ ትጎትታላችሁ። እንደ ጅማት የሚያብረቀርቀው ነጠላ ክር መረብም ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ይበጠሳል፤ ቁራጩም ሐይቁ ውስጥ ሳይበሰብስ ለዓመታት ዓሣ እየያዘ ይገድላል። ከተፈተለ ክር የተሠራውን ምረጡ።

መረብን ከገመድ ጋር ማሠር። መረቡ እንደ ገመድ የሚጠማዘዘው ወይም እንደ አጥር ተወጥሮ ዓሣውን የሚመልሰው አሠራሩ ሲሳሳት ነው። መረቡ ላላ ብሎ መቆም አለበት። ደንቡ ቀላል ነው፦ 100 ሜትር የተወጠረ መረብ 50 ሜትር ገመድ ላይ ይሠራል።

1. የላይኛውን ገመድ በሁለት ዛፍ መካከል ወጥሩ፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉበት።
2. ዓይኑ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አራት አራት ዓይን (40 ሳንቲ ሜትር መረብ) እየቆጠራችሁ በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ቋጥሩ። ለ50 ሜትር 250 ቋጠሮ ይሆናል። ቋጠሮው ገመዱ ላይ እንዳይንሸራተት ሁለቴ ዙሩ።
3. በየአምስተኛው ቋጠሮ፣ ማለትም በየሜትሩ፣ ተንሳፋፊ እሠሩ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ስፖንጅ ወይም የተጠረበ ፎም ይሆናል።
4. የታችኛው ገመድ ትንሽ ይርዘም፦ በየ21 ሳንቲ ሜትሩ ቋጥሩ። ከላይኛው ከአጠረ የታችኛው ጠርዝ ይሰበሰብና መረቡ ከረጢት ይሆናል።
5. የታችኛው ገመድ ላይ እርሳስ ወይም እኩል መጠን ያላቸው፣ ጠርዛቸው ያልሰላ ድንጋዮች እሠሩ። መረቡ እስከ መሬት መስመጥ፣ የላይኛው ጠርዝ ግን ቀና ብሎ መቆም አለበት።

ሙሉውን ከመጨረሳችሁ በፊት የመጀመሪያውን ሁለት ሜትር ዳር ላይ፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ፈትኑት። የታችኛው ገመድ ከተንሳፈፈ ክብደት ጨምሩ። መላው መረብ መሬት ላይ ከተኛ ተንሳፋፊ ጨምሩ። 250 ቋጠሮ ካለቀ በኋላ ማወቅ ያናድዳል።

አደራረብ። መረቡን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ደርድሩ፦ የላይኛው ገመድ ሁልጊዜ በአንድ በኩል፣ ክብደቱ በሌላው በኩል። ሳትጠቀልሉ፣ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ አስተኙት። የመረቡን መነሻ ጫፍ በቀለም ክር ምልክት አድርጉ። የሳፋው አንዱ ጎን ላይ ድንጋይና ተንሳፋፊ ከተቀላቀለ መረቡ ውኃ ላይ አይፈታም፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይፈታም።

ጫፎቹ። ለእያንዳንዱ ጫፍ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይና ባለ 5 ሊትር ጄሪካን አዘጋጁ። የጄሪካኑ ገመድ ርዝመት የውኃው ጥልቀትና ግማሹ ሲደመር ነው፦ 4 ሜትር ውኃ ላይ 6 ሜትር። ልክ በጥልቀቱ የተቆረጠ ገመድ ማዕበል ሲመጣ ድንጋዩን ያነሣዋል፤ መረቡም ይሄዳል። ጠዋት መረባቸውን ያጡ ሰዎች መጀመሪያ ሌባ ነው የሚጠረጥሩት። ከሌባው በፊት ገመዱን ይለኩ።

ደረጃ 6፦ ቦታና ሰዓት

ቆሮሶ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደንገልና ቄጠማ ካለበት ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከ2 እስከ 5 ሜትር ጥልቀት ፈልጉ። ጥልቀቱን በድንጋይ በታሠረና በየክንዱ በተቋጠረ ገመድ ለኩ። መረቡን የምትጥሉበትን መስመር ይህንኑ ድንጋይ መሬት ለመሬት እየጎተታችሁ አንዴ እለፉበት። ድንጋዩ ከያዘ ከታች ጉቶ አለ፤ ሌላ መስመር ፈልጉ። ሐይቁ ከፍ ባለባቸው ዓመታት ውኃ የዋጣቸው ዛፎች ጉቶ አሁንም መረብ ይቀድዳል።

ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ዳርቻ ክብ ክብ ጉድጓዶች ካያችሁ የቆሮሶ መራቢያ ነው። እዚያ አትጣሉ። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው፤ አንዷን ስትገድሉ ያለው ሁሉ አብሮ ይሞታል።

ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ ራቁ፤ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሲመሽ ወደ ሣር ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፤ መረብ የምትጥሉበትና የምታነሡበት ሰዓት ይኸው ነው። የትም ቦታ ቢሆን በጉማሬና በጥልቁ ውኃ መካከል አትግቡ። ጭንቅላቱን ካያችሁ ሳትጮኹ ዞራችሁ ሂዱ፤ መረቡ እዚያ ይደር።

ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ጠዋት ሐይቁ ይረጋል። ለመጣል ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነፋሱ በረድ ሲል ውጡ፤ ከመጨለሙ በፊት ተመልሳችሁ ዳር ላይ ሁኑ። ከዳር ሆናችሁ ስታዩ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ከያዘ አትውጡ። በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ፣ ደመናው ሩቅ ቢሆንም፣ ዳር ቆዩ።

ከመውጣታችሁ በፊት ጀልባው ውስጥ የሚኖረው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት፣ ተጨማሪ መቅዘፊያ፣ ከጄሪካን የተቆረጠ መቅጃ፣ ከገመድ ጋር የታሠረ ቢላዋ፣ የግንባር ባትሪ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ አንድ ሙሉ ሳሙና፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ላሜራና አጫጭር ሚስማሮች። አዝራር ያለው ሸሚዝና ቀለበት አውልቁ። የሚወርድ መረብ አዝራር ይይዛል፤ አዝራሩ ደግሞ ሰውን ይጎትታል።

ደረጃ 7፦ መጣል

ሳፋውን ከጀልባው ኋላ አስቀምጡ። አንዱ መሐል ተቀምጦ ይቀዝፋል፣ ሌላው ኋላ ተቀምጦ ይጥላል። ማንም አይቆምም። ጀልባው ከነጭነቱ ሲታይ ጠርዙ ከውኃው በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል ይቅር።

1. የነፋሱን አቅጣጫ እዩ። መጣል የሚጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት ጫፍ ነው፤ ጀልባው ወደ ነፋሱ መሄጃ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ነፋሱ ራሱ ጀልባውን ከመረቡ ያርቅላችኋል፣ መረቡም ይወጠራል። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ነፋሱ ጀልባውን በጣላችሁት መረብ ላይ መልሶ ያመጣዋል፤ መቅዘፊያው ይጠለፋል፣ መረቡም ይጠማዘዛል።
2. የመጀመሪያውን ጄሪካን፣ ቀጥሎ ድንጋዩን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ድንጋይ አትወርውሩ፤ ገመዱ እግር ይጠልፋል።
3. ቀዛፊው ቀስ ባለ፣ በማይቆራረጥ ፍጥነት ይሂድ። ጣዩ የላይኛውን ገመድ በአንድ እጁ፣ የታችኛውን በሌላው ለያይቶ ያሳልፍ።
4. መረቡ ከተያያዘ ጣዩ «ቁም» ይበል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ አስገብቶ ይይዘዋል። ሳይፈታ አንድ ሜትርም አይጣል።
5. መጨረሻ ላይ መረቡን በመጠኑ ሳቡና ሁለተኛውን ድንጋይ አውርዱ። በኃይል አትወጥሩ፤ የተወጠረ መረብ አይዝም።
6. ቦታውን በሁለት መስመር ያዙ፦ ለምሳሌ የታቦር ተራራን ጫፍ ከፊቱ ካለ አንድ ሕንፃ ጋር፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ሁለት ዛፍ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ መረባችሁ ነው። ጄሪካኑ ቢጠፋም በድንጋይ ወይም በመንጠቆ ጎትታችሁ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 8፦ ማንሳት

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ካረፈዳችሁ ሌሊት የተያዘው ዓሣ መረቡ ውስጥ ሞቶ ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ማንሳት የሚጀመረው ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ ነው፤ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዙር። መረቡን እየሳባችሁ ጀልባውን ወደ ነፋሱ ታስጠጋላችሁ፤ ነፋሱም ወደ ኋላ ይዟችሁ መረቡ ላይ አትወጡም። ሁለታችሁም በአንድ ጎን አትደገፉ። ሳቢው በአንድ ጎን ከሆነ ሌላው መሐል ይቀመጥ።

መረቡ ከታች ከያዘ በጉልበት አትሳቡ። ጀልባውን በቀጥታ ከተያዘበት በላይ አምጡ፣ ገመዱን ላላ አድርጉ፣ ከዚያ ከመጣችሁበት በተቃራኒ አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ ሞክሩ። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልወጣ የታችኛውን ገመድ ብቻ ቆርጣችሁ መረቡን አውጡ። የጀልባውን ጠርዝ እስኪያዘነብል መሳብ ጀልባ ይገለብጣል።

ደረጃ 9፦ ዓሣውን ማላቀቅ

ዓሣው ወደ ኋላ አይሳብም። በሄደበት አቅጣጫ ገፍታችሁ አሳልፉት፤ ጉንጩ ላይ የተጠለፈውን ክር ከሚስማር በተሠራች ትንሽ መንጠቆ ከጉንጩ ክዳን ላይ አንሡ። ወደ ኋላ የተሳበ ቆሮሶ ቅርፊቱ ይላጣል፣ የጀርባው እሾህም ክሩን ይበጥሳል። አፏ ያበጠች ሴት ቆሮሶ ካገኛችሁ አፏን ቀስ ብላችሁ እዩ፦ ቢጫ እንቁላል ወይም ዓይኑ ብቻ የሚታይ ጫጩት ሞልቶ ታያላችሁ። በሕይወት ካለች መልሷት።

አምባዛ ሲያዝ ይሽከረከርና መረቡን በሰውነቱ ይጠቀልላል። ከክንፉ ግራና ቀኝ የወጡት ሁለት እሾሆች እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው፤ ሲደነግጥም ቀጥ አድርጎ ይቆልፋቸዋል። ከራሱ ጀርባ፣ ከእሾሆቹ ኋላ አጥብቃችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ እሾሆቹን ከክሩ አላቁ፣ ከዚያ ሰውነቱን በተሽከረከረበት ተቃራኒ አዙሩት። ከወጋችሁ ቁስሉን በሳሙና እጠቡ፣ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ካበጠ ወይም ከቀላ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ዓሣውን እርጥብ ጆንያ ሥር፣ ከጀልባው ወለል ውኃ ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጡ። ወለሉ ላይ ከደም ጋር የሚዋኝ ዓሣ ከገበያ በፊት ይበላሻል። በረዶ ካገኛችሁ አንድ ኪሎ ለአንድ ኪሎ ነው።

ደረጃ 10፦ ስትመለሱ

መረቡን በሐይቁ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ላይ ስቀሉ፤ ፀሐይ ናይለኑን ያዳክመዋል። አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይደር። የተበጠሰ ዓይን በዚያው ቀን ይሰፋ፤ ዛሬ ሦስት ዓይን የሆነው ነገ አምባዛ ገብቶበት መስኮት ይሆናል።

ጀልባውን ድንጋይ ላይ አትጎትቱ፤ ድፍኑን የሚልጠው ይህ ነው። ሁለት ክብ ግንድ ሥሩ አድርጋችሁ አንከባሉት። ውኃውን ጨርሳችሁ ቅዱ፣ ደሙን እጠቡ፤ ጎድኖቹ ሥር የተጠራቀመው ቆሻሻ ጣውላውን ከውስጥ ያበሰብሳል። በማግስቱ የምትወጡ ከሆነ ውኃ ላይ እሠሩት። ለሳምንታት የምታቆሙት ከሆነ ጥላ ሥር ገልብጣችሁ በየሁለት ቀኑ ውኃ አርከፍክፉበት።

ዳር ላይ ቄጠማ ባለበት ውኃ ውስጥ በባዶ እግር አትቁሙ፤ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት። ቦት ጫማ አድርጉ። ሥራችሁ ከውኃው ጋር ከሆነ በየጊዜው ጤና ጣቢያ ተመርመሩ፤ መድኃኒቱ አለ።

ውኃ ላይ ሲበላሽ

በድንገት ውኃ ከገባ። አንዱ ወዲያው ወደ ቅርቡ ዳር ይቅዘፍ፣ ሌላው ቀዳዳውን ይፈልግ። ጨርቁን በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እሹት፣ አጥፋችሁ ስንጥቁ ውስጥ በቢላዋው ጀርባ ጠቅጥቁ። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ በሳሙና የታሸውን ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ላሜራውን በሚስማር ምቱበት። ሳሙናው ለጊዜው ይይዛል፤ ዳር ለመድረስ ነው። መረቡ ሐይቁ ውስጥ ካለ ተዉት።

ነፋስ ከመጣ። አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ አዙሩ፤ ጎኑን አትስጡት። ዳር መድረስ ካልቻላችሁ ረጅም ገመድ ያለው ድንጋይ ከአፍንጫው ጣሉና ወለሉ ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እየቀዳችሁም ጠብቁ። ከኋላ የታሠረ ድንጋይ ማዕበሉን በኋላ በኩል ያስገባል።

ከተገለበጠ። የእንጨት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ አይሰምጥም። ዳሩ ቅርብ ቢመስልም ትታችሁት አትዋኙ። ከመረቡ ራቅ ባለው ጎን ተያያዙ፤ ገመዱ እግር ላይ ከተጠለፈ በቢላዋው ቁረጡት። ሁለታችሁ በተቃራኒ ጎን ሆናችሁ በጀልባው ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ባትሪውን ወደ ዳር አብሩ ወይም እየተፈራረቃችሁ ተጣሩ።